ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፦ የ1928ቱ የፓሪስ መግለጫና ጋዜጦቹ

(እሑድ ዕለት ሾላ ገበያ አካባቢ ለተሰበሰቡ ወጣቶች የተደረገ ንግግር፤ መምጣት ያልቻላችሁ እንድታነቡት እንደተነገረ ለጥፈነዋል።)

ዕቃችሁን ለጎረቤት አደራ ሰጥታችሁ፣ የገበያ ሰዓታችሁን ቆርሳችሁ ለመጣችሁ ሁሉ እግዜር ያክብርልኝ።

የዛሬው ወሬያችን ስለ አንድ የጋራ መግለጫ ነው። «የጋራ መግለጫ» የሚለው ቃል ሰልችቷችኋል፤ አውቃለሁ። ሁለት አገር ተገናኘ፣ ሦስት አገር ተፈራረመ፣ ስልካችን ይንጫጫል። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አንዱ «አለቀልን» ይላል፣ ሌላው «ምንም አያመጡም» ይላል። መግለጫውን ከዳር እስከ ዳር ያነበበ ሰው ግን ፈልጋችሁ አታገኙም። ጦርነት ምን እንደሚበላ ይህ ትውልድ ከማንም ተምሮ ሳይሆን ራሱ አይቶ ያውቃል። ስለዚህ ርዕስ ብቻ አይቶ ደሙ የሚፈላ ወጣት ለጠላትም ለደላላም ሲሳይ ነው። ይህን በወሬ ሳይሆን በታሪክ ላሳያችሁ።

ከዚህ ከሾላ ወደ ቀበና ስትወርዱ የእንግሊዝ ኤምባሲ አለ። ያ ትልቅ ግቢ፣ ዛፉ የማያልቀው። መንገዱ ደግሞ በአርበኛው በፍቅረማርያም አባ ተጫን ስም የሚጠራ ነው። በየቀኑ በታክሲ እናልፈዋለን። በ1928 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ኢትዮጵያን ቆርሳችሁ ስጡ የሚለውን ወረቀት ለእኛ መንግሥት እንዲያቀርቡ ከታዘዙት ሁለት መልእክተኞች አንዱ የእንግሊዙ ሚኒስትር ሰር ሲድኒ ባርተን ነበሩ። ሁለተኛው የፈረንሳይ ሚኒስትር ናቸው። ባርተን ወረቀቱን አድርሰው ዝም እንዲሉም አልነበረም የታዘዙት፤ ንጉሠ ነገሥቱ በበጎ ዓይን እንዲያዩት ያላቸውን ተሰሚነት ሁሉ እንዲጠቀሙ ነበር። እንግዲህ ነገሩ የሩቅ አገር ታሪክ አይደለም፤ የሰፈራችን ታሪክ ነው።

እስቲ ከሥሩ እንጀምር።

መስከረም 22 ቀን 1928 የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ። በአራተኛው ቀን የሙሶሊኒ ጦር አድዋ ገባ። የመንግሥታት ማኅበር ጄኔቫ ላይ ተሰብስቦ ጣሊያን ወራሪ ናት ብሎ ወሰነ፤ ከኅዳር 8 ጀምሮም የንግድ ማዕቀብ ሥራ ላይ ዋለ። ማዕቀቡ ግን አንድ ነገር ጎድሎታል፤ ነዳጅ የለበትም። ታንኩና አውሮፕላኑ የሚሄደው በነዳጅ ነው፤ የስዊዝ ካናልም ለጣሊያን መርከቦች ክፍት ነው። ነዳጅ ይጨመር አይጨመር የሚለውን ለመመልከት ታኅሣሥ 2 ቀን ቀጠሮ ተይዟል። ይቺን ቀጠሮ ያዙልኝ፤ በኋላ ትመጣለች።

ከቀጠሮው አራት ቀን በፊት፣ ኅዳር 28 ቀን፣ የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሙኤል ሆር ፓሪስ ላይ ከፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ከፒየር ላቫል ጋር ተስማማ። ሆር ለዕረፍት ወደ ስዊዘርላንድ እያለፈ ነበር። የጋራ መግለጫም አወጡ። መግለጫው ሁለት ነገር ይላል። አንደኛ፣ በሁለቱ አገሮች ወዳጅነት መንፈስ የኢትዮጵያንና የጣሊያንን ጠብ በመልካም የሚፈታ ሐሳብ አግኝተናል። ሁለተኛ፣ ሐሳቡ ምን እንደሆነ ለጊዜው ለሕዝብ አይገለጽም። በቃ፣ ይኸው ነው።

እዚህ ገበያ ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ዲግሪ አያስፈልገውም። በግህን ይዘህ ቆመሃል። ሁለት ደላላ ጥግ ይዘው ይንሾካሾካሉ። ተመልሰው «ተስማምተናል፣ ዋጋውን ግን አሁን አንነግርህም» ይሉሃል። የማን በግ ነው? ማን ነው የተስማማው? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባል የለ፤ ይኸው ነው።

ልብ በሉ፤ ሆርና ላቫል በይፋ ጠላቶቻችን አልነበሩም። ጠላት የተባለችው ጣሊያን ናት። እነዚህ አብረውን በአንድ ማኅበር የተቀመጡ፣ በጣሊያን ላይ ማዕቀብ የጣሉ «ወዳጆች» ናቸው። ሆር ራሱ በ1927 ጳጉሜን መጨረሻ ጄኔቫ ላይ ቆሞ የማኅበሩን ሕግ እናስከብራለን ብሎ ዓለም ያጨበጨበለት ሰው ነው። የእሱ መንግሥትም ኅዳር 4 ቀን ምርጫ ያሸነፈው ይህንኑ ቃል ለሕዝቡ ገብቶ ነው። አንድ ወር እንኳ አልቆየም። የጠላት ጥምረት ሁልጊዜ ባንዲራ ይዞ አይመጣም፤ አንዳንዴ ሽማግሌ መስሎ ነው የሚመጣው።

አሁን ወደ ጋዜጦቹ እንምጣ፤ የዛሬው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው።

ምሥጢሩ አልቆየም። ሌኮ ደ ፓሪ እና ሉቭር የሚባሉ የፓሪስ ጋዜጦች ይዘቱን አወጡት። አንደኛው ላይ ፔርቲናክስ በሚል የብዕር ስም የሚጽፍ ሰው ነበር፤ ሁለተኛው ላይ ዠንቪየቭ ታቡዊ የምትባል ሴት ጋዜጠኛ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ አባቶች። ስለ አድዋ፣ ስለ አዲግራት፣ ስለ ኦጋዴን የተማከሩትን ነገር የፓሪስ ሰው ከቡናው ጋር አነበበው፤ የመሬቱ ባለቤት ግን ገና ወረቀቱ አልደረሰውም።

ምን ነበር የሚለው? የሰነዱን ቃላት አንድ በአንድ ላሳያችሁ፤ ሰው የሚታለለው በቃል ነውና።

የመጀመሪያው ቃል «ስምምነት» ነው። ሰነዱ የጣሊያንና የኢትዮጵያ ጠብ በስምምነት የሚያልቅበት ሐሳብ የሚል ስም ተሰጥቶታል። ኢትዮጵያ ግን ፓሪስ አልነበረችም።

ሁለተኛው «የግዛት ልውውጥ» ነው። ልውውጥ ሲባል ሰጥቶ መቀበል ነው። ምን እንሰጣለን? ምሥራቅ ትግራይን፣ አድዋን ጨምሮ፤ በደናክልና በኦጋዴን በኩልም ሰፊ መሬት። አክሱም ይቀርልናል። አያችሁ ሥራውን? በ1888 የተዋረዱባትን አድዋን ይወስዳሉ፣ አክሱምን ደግሞ ውለታ አስመስለው የራሳችንን ለራሳችን ይሰጡናል። ምን እንቀበላለን? የባሕር በር፤ አሰብን፣ ከቀጭን መተላለፊያ መሬት ጋር።

ሦስተኛው «የኢኮኖሚ መስፋፊያና የሰፈራ ክልል» ነው። ካርታ አውጥታችሁ ከ8ኛው የሰሜን ኬክሮስ በታች ያለውን ተመልከቱ፤ ጅማ፣ ሲዳሞ፣ ባሌ፣ ቦረና እዚያ ናቸው። በስም የኢትዮጵያ ሆኖ ይቀራል፤ በተግባር ጣሊያን ሰው የምታሰፍርበት፣ የምታርሰው፣ የምትነግድበት ይሆናል። ባለቤትነቱ ወረቀት ላይ ለእኛ፣ እህሉ ለእነሱ።

አሁን የለንደን ጋዜጦች ምን አደረጉ? ዴይሊ ሜይልን የመሰሉ ለጣሊያን የሚያዝኑ ነበሩ፤ ሁሉም ለእኛ ቆመ ብዬ አልዋሽም። ነገር ግን ለመንግሥት ቅርብ ነው የሚባለው ታይምስ ታኅሣሥ 6 ቀን ርዕሰ አንቀጽ ጻፈ። ርዕሱ «ለግመሎች መተላለፊያ» የሚል ነበር። ለምን ግመል? በአሰቡ መተላለፊያ ኢትዮጵያ የባቡር ሐዲድ እንዳትዘረጋ ክልከላ እንደታሰበ ተሰምቶ ነበርና። ወደብ ሰጠናችሁ፣ ባቡር ግን አታስኪዱበት፤ በግመል ተመላለሱ! እነሱ አንድ ገጽ ሙሉ የዲፕሎማሲ ቃል ደርድረው የሸፈኑትን ይህ ጋዜጣ በሁለት ቃል ገለጠው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ዛሬ የባሕር በር ጉዳይ የማያንገበግበው ወጣት የለም። እኔንም ያንገበግበኛል። ታሪኩ የሚለን ግን ይሄ ነው፤ ጥማትህን የሚያውቅ ሰው በጥማትህ ይገዛሃል። አሰብን ማጥመጃ አድርገው አድዋን ሊወስዱ ነበር። ስለዚህ «ባሕር በር» የሚል ቃል ያለበት ወረቀት ባየን ቁጥር በደስታ ከመዝለላችን በፊት፣ ምን ሊያልፍበት ነው? በምን ዋጋ ነው? ከጀርባው ምን ተጽፏል? ማለት አለብን። ባቡር ነው ወይስ ግመል?

የእንግሊዝ ሕዝብ ተቆጣ። የፓርላማ አባላት ቤት ደብዳቤ ጎረፈ፤ የገዛ ፓርቲያቸው ሰዎች አጉረመረሙ። ታኅሣሥ 8 ቀን፣ መግለጫው በወጣ በአሥረኛው ቀን፣ ሆር ሥልጣኑን ለቀቀ። በመሃል ስዊዘርላንድ በረዶ ላይ ሲንሸራተት ወድቆ አፍንጫው ተሰብሮ ነበር የተመለሰው። በምትኩ አንቶኒ ኢደን ተሾመ። የላቫል መንግሥትም በጥር ወደቀ። ያ ላቫል ኋላ ለጀርመን አድሮ፣ በ1938 ዓ.ም. በገዛ አገሩ ፍርድ ቤት በክህደት ተፈርዶበት ተረሽኗል። የሰው አገር ለባዕድ የሚቆርስ እጅ የራሱንም መቁረሱ አልቀረም።

ጣሊያን ውስጥስ? እዚያ ጋዜጣ ነበር፤ ጋዜጠኝነት ግን አልነበረም። በዚያ ዘመን የፕሬስና የፕሮፓጋንዳ ሚኒስቴር ነበራቸው። ምን እንደሚጻፍና ምን እንደሚቀር ለየአዘጋጁ ከላይ ትእዛዝ ይወርድለት ነበር። ሆር ሥልጣን በለቀቀባት በዚያችው ዕለት የጣሊያን ሴቶች የጋብቻ ቀለበታቸውን ለጦርነቱ እንዲሰጡ ታላቅ ሥነ ሥርዓት ተደርጎ ነበር። ለንደን ውስጥ ሕዝብ ጋዜጣ አንብቦ ሚኒስትር ሲያወርድ፣ ሮም ውስጥ ሕዝብ ቀለበቱን አውልቆ ይሰጥ ነበር። ነጻ ጋዜጣ ባለበትና በሌለበት አገር መካከል ያለው ልዩነት በአንድ ቀን ታየ።

የጥቁር አሜሪካውያን ጋዜጦችንም አንርሳ። ፒትስበርግ ኩሪየር ጆኤል ሮጀርስን ወደ ኢትዮጵያ ድረስ ላከው። ነጮቹ ጋዜጠኞች የጻፉልንን ብቻ ሳይሆን በቆዳ የሚመስለን ሰው ያየውን ለማንበብ የራሱን ዘጋቢ የላከ ሕዝብ ነበር። ይህ ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው፤ እመለስበታለሁ።

የእኛዎቹ በዚያ ሰዓት ምን ላይ ነበሩ? ንጉሠ ነገሥቱ ደሴ ነበሩ። መግለጫው ሊወጣ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ኅዳር 26፣ የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። ሆስፒታሉ ሳይቀር ተመታ፤ የውጭ ጋዜጠኞችና ሐኪሞች ዓይናቸው እያየ። ቦምቡ ዓርብ ወረደ፤ የ«ወዳጅነት» መግለጫው እሑድ ወጣ። ንጉሠ ነገሥቱ መልስ ሲሰጡ አልተሳደቡም፤ አልፎከሩም። ለሰላም ያለን ፈቃድ አልተለወጠም፣ ይህን ሐሳብ በመርሕ ደረጃ እንኳ መቀበል ግን ለሕዝባችን ፈሪነት፣ ለመንግሥታት ማኅበርም ክህደት ነው የሚል ነበር ሐሳባቸው። በሰሜን ደግሞ በታኅሣሥ የመጀመሪያ ሳምንት የራስ እምሩ ጦር ተከዜን ተሻግሮ ደምበጉና ላይ ጠላትን እያባረረ ነበር። አንዱ በብዕር፣ አንዱ በጦር፤ ሁለቱም በአንድ ሳምንት።

ደስ ይላል አይደል? እዚህ ላይ ባቆመው ታጨበጭቡልኛላችሁ። ግን ላቆም አልችልም፤ እውነቱ ከዚህ በኋላ ነውና።

ጋዜጦቹ ሆርን አወረዱ፤ ኢትዮጵያን ግን አላዳኑም። የነዳጁ ቀጠሮስ? ታኅሣሥ 2 ቀን የተሰበሰበው ኮሚቴ የፓሪሱ ሐሳብ ምን እንደሚሆን ይታይ ብሎ ነገሩን አሳደረው። ሐሳቡ ሞተ፤ ነዳጁ ግን እንደፈሰሰ ቀረ። መግለጫው የተሸነፈ ይመስላል እንጂ ዋናውን ሥራ ሠርቶ ነበር፤ ጊዜ በልቷል። ሆር በለቀቀ በሳምንት ገደማ ውስጥ ተከዜ ላይ የመርዝ ጋዝ ወረደብን። ለንደን «አሸነፍን» ብላ ጋዜጣዋን አጥፋ ወደ ገና ዝግጅቷ ሄደች። የእኛ ገበሬ ቆዳው ይላጥ ነበር። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ጠላት አዲስ አበባ ገባ። ሐምሌ ላይ ማዕቀቡም ተነሣ።

ሰኔ 23 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቫ ላይ ሊናገሩ ሲቆሙ ማን እንደረበሻቸው ታውቃላችሁ? ወታደር አይደለም፣ ዲፕሎማትም አይደለም፤ የጣሊያን ጋዜጠኞች ናቸው። ከጋዜጠኞች ሰገነት ላይ ሆነው ፉጨት ነፉባቸው። ብዕር ለጌታ ሲያድር መጨረሻው ፉጨት ነው። ጠላት አዲስ አበባ በገባባት በዚያችው ዕለት ደግሞ ለንደን ላይ ሲልቪያ ፓንክኸርስት «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለውን ጋዜጣ የመጀመሪያ ዕትም አወጣች። ሌሎቹ ጋዜጣቸውን ሲያጥፉ እሷ ጀመረች። በመጨረሻም አዲስ አበባ አርፋ በቅድስት ሥላሴ ተቀበረች።

ስለዚህ ትምህርቱ «የውጭ ሚዲያ ሁሉ ጠላት ነው» አይደለም። «የውጭ ሚዲያ ያድነናል»ም አይደለም። የሰው ቁጣ ዜና ነው፤ ዜና ደግሞ ያልፋል። የራሱን ጉዳይ ራሱ ያልተከታተለ ሕዝብ በሌላው ቁጣ አይድንም።

አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። በታኅሣሥ 1899 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ለንደን ላይ ተቀምጠው በኢትዮጵያ ውስጥ የየራሳቸውን የጥቅም ክልል ተከፋፈሉ። ምኒልክ ሲነገራቸው ስላሳወቃችሁን እናመሰግናለን፣ ይህ ግን የእኛን ሉዓላዊነት አይነካም አሉ። በታኅሣሥ 1918 እንግሊዝና ጣሊያን ደብዳቤ ተለዋወጡ፤ እንግሊዝ የጣናን ውኃ ትገድባለች፣ ጣሊያን የባቡር መስመር ትዘረጋለች ተባባሉ። ራስ ተፈሪ ወረቀቱን ይዘው ለመንግሥታት ማኅበር አቤት አሉ፤ የጓዳውን ነገር አደባባይ አወጡት። ሁለቱም መንግሥታት እንደዚያ ማለታችን አይደለም እያሉ ማስረዳት ያዙ። በሚያዝያ 1927 ደግሞ ሦስቱ መንግሥታት ስትሬዛ ላይ መግለጫ ሲያወጡ ስለ «አውሮፓ ሰላም» ብቻ ተናገሩ። ሙሶሊኒ «የአውሮፓ» የምትለዋን ቃል ወደዳት፤ እንግሊዝም ፈረንሳይም አልተቃወሙም። አፍሪካ ላይ የፈለግኸውን አድርግ እንደማለት ወሰደው። አንዲት ቃል! ያንን ቃል በጊዜው አጥብቆ ያነበበ ሰው ጦርነቱን ከስድስት ወር በፊት ያየው ነበር።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ዘመን። መስከረም 30 ቀን 2017 ግብጽ፣ ኤርትራና ሶማሊያ አስመራ ላይ ተገናኝተው የጋራ መግለጫ አወጡ። ስለ ሉዓላዊነትና ስለ ግዛት አንድነት ብዙ ተባለ። ስልካችን ግን ያመጣልን «ጦርነት ታወጀ» የሚል ነው። ሙሉውን ጽሑፍ በአማርኛ ተርጉሞ የሰጠንስ ስንት ነው? በዚህ በኩልም ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ሲፈረም ሰው ወጥቶ ጨፈረ፤ የሰነዱ ሙሉ ቃል ግን ለሕዝብ አልቀረበም። በ1928ቱ መግለጫ «ለጊዜው አይገለጽም» የሚለው ቃል ካስቆጣን፣ በየትኛውም ወገን ሲነገር ሊያስቆጣን ይገባል። ሚዛን ማለት ይኸው ነው፤ እዚህ ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት ሚዛን የሚይዝ ነጋዴ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ።

እኔ ተመርቄ ሥራ የምፈልግ ሰው ነኝ። ጋዜጣ ከኋላ፣ ከክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያው ጀምሬ ነው የማነበው። ሥራ አጥነት አንድ ነገር አስተምሮኛል፤ ዋናው ነገር ሁልጊዜ በትንሹ ፊደል ነው የሚጻፈው። ከላይ በደማቁ «አዲስ ተመራቂዎችን እንጋብዛለን» ይላል፤ ከታች በደቃቁ «3 ዓመት የሥራ ልምድ ያለው»። የአገር መግለጫም እንዲሁ ነው። ርዕሱ ለስሜትህ ነው፤ ታች ያለው ለኑሮህ ነው።

ስለዚህ አንድ መግለጫ ሲመጣ አራት ጥያቄ እንጠይቅ። ክፍሉ ውስጥ ማን ነበር፣ ማንስ አልተጠራም? የትኛዋ ቃል ናት ሸክሙን የተሸከመችው፤ «ልውውጥ»፣ «ክልል»፣ «የአውሮፓ» እንደተባለው? ያልታተመው ምንድን ነው? በዚያው ሳምንት መሬት ላይ ምን እየተደረገ ነው፤ ደሴ ላይ ምን ወርዷል፣ ነዳጁ ፈሰሰ ወይስ ቆመ? እነዚህን ሳይጠይቅ የሚያጋራ ሰው አገር ወዳድ ቢሆንም ለሰው ደላላ እየሠራ ነው።

ሥራም አለን። እንግሊዝኛ የሚችል አለ፣ ዐረብኛ የሚችል አለ፣ ሶማልኛና ትግርኛ የሚችል አለ፤ ዲግሪ ይዞ ቤት የተቀመጠማ ሞልቷል። ጥቁር አሜሪካውያን ሮጀርስን ላኩ፤ እኛ ቢያንስ መተርጎም አያቅተንም። ከዛሬ ጀምሮ አገራችንን የሚመለከት የጋራ መግለጫ ሲወጣ ይህ ገጽ ሙሉውን በአማርኛ ተርጉሞ እስኪያወጣ ድረስ አስተያየት አይለጥፍ የሚል ሐሳብ አቀርባለሁ። አንድ ቀን ቢዘገይ ይዘግይ። ወሬ ቀድሞ መድረስ ለደላላ ነው የሚጠቅመው፤ ለባለቤቱ የሚጠቅመው ልክ ሆኖ መድረሱ ነው። ለመተርጎም የምትፈልጉ ከንግግሩ በኋላ ስማችሁን አስመዝግቡ። ታሪኩን ከምንጩ ማየት የምትፈልጉም ወመዘክር ከዚህ ሩቅ አይደለም፤ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምም እንዲሁ።

አባቶቻችን ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ያሉት እንድንቀበለው አይደለም፤ እንድንጠነቀቅ ነው። የእኛን ነገር ከፓሪስ ጋዜጣ የምንሰማበት ዘመን አልፏል። ወረቀቱ አሁን በእጃችን፣ በኪሳችን ስልክ ውስጥ ነው። የቀረው ማንበብ ብቻ ነው።

ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር!